ስፌቱ ከለቀቀ

ወደኛ ከተማ ሰው የሚመጣው ለመሄድ ነው።

አውቶቡስ ያወርዳቸዋል። ባርኔጣ ይገዛሉ፣ ዛጎል ይገዛሉ፣ ሆቴሉ ያድራሉ። ጠዋት ጀልባዋ ላይ ወጥተው ደሴቶቹ ጋ ሊጠልቁ ይሄዳሉ። ጀልባዋ ደግሞ ወደዚህ አትመልሳቸውም። ከደሴቶቹ ማዶ ሌላ ወደብ አለ፣ አውሮፕላን ማረፊያውም እዚያው ነው። እዚያ ታራግፋቸውና ባዶዋን ትመጣለች። ስለዚህ በኛ በኩል ያለፈ ሰው አለፈ ነው። ደህና ዋሉ፣ ደህና ሁኑ፣ አለቀ።

እኔና እናቴ የመጥለቂያ ልብስ እንጠግናለን። ያንን ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት ገጥሞ የሚለበሰውን ወፍራም ጥቁር ላስቲክ። ሱቃችን ጠባብ ናት፤ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት በርጩማ፣ እያቃሰተ የሚዞር ቬንትሌተር። ልብሶቹ ከጣራው ላይ ሲንጠለጠሉ ጭንቅላት የሌላቸው ሰዎች ይመስላሉ። ሕፃን ይዞ የገባ ሰው ሕፃኑን እያስለቀሰ ነው የሚወጣው።

በሩ ላይ እናቴ በቀይ ቀለም ጽፋለች፦ «ስፌቱ ከለቀቀ ይመልሱ፤ በነፃ እንሠራለን።»

እስካሁን የመለሰ የለም። እናቴ «ስፌታችን ጠንካራ ስለሆነ ነው» ትላለች።

«ቢለቅስ በምን ይመጣሉ? በዋና?»

«አንቺ ዝም ብለሽ ሙጫሽን ቀቢ፣ ጥድፊያ።»

ጥድፊያ እኔ ነኝ። ያወጣችልኝ እሷ ናት፤ ስድብ ነበር፣ ቆየና ስም ሆነ።

ሥራው ትዕግሥት ይፈልጋል፤ እኔ ደግሞ የለኝም። የተቀደደውን ሁለቱንም ከንፈር ሙጫ ትቀቢያለሽ። ከዚያ ለየብቻ ትተዪያቸዋለሽ፣ እንዳይነካኩ። ጣት ሲነካቸው የማይጣበቁ እስኪሆኑ ትጠብቂያለሽ። ያን ጊዜ አገናኝተሽ ትጫኛቸዋለሽ፤ አንዴ ከተያያዙ በጉልበትም አይለያዩም። ሳይደርቁ ካገናኘሽ የተያያዙ ይመስሉሻል እንጂ ባህር ውስጥ ይከዱሻል። መጨረሻ ላይ ከላይ በኩል ትሰፊዋለሽ፣ መርፌው ላስቲኩን በስቶ ሳያልፍ ከመሀል እየተመለሰ። በስቶ ካለፈ ውሃ ይገባል።

እኔ ጣቴን ቶሎ ቶሎ እልካለሁ። «ደረቀ!» እላለሁ። እናቴ ቀና እንኳ ሳትል «አልደረቀም» ትላለች። ሁሌ ልክ ናት። ያናድደኛል።

ትልቋ እህቴ እንደኔ አይደለችም፣ ረጋ ያለች ናት። ረጋ ብላ አንዱን መንገደኛ ወደደች፣ ረጋ ብላ ተከትላው ሄደች። አሁን ስልክ ሆናለች። ምሳ ስንበላ እናቴ ስልኩን ከጨው ዕቃው ጋር አስደግፋ ታቆመዋለች። እህቴ ከዚያ ውስጥ ትስቃለች፣ ልጆቿን ታሳየናለች። መስመሩ ሲበላሽ አፏን እንደከፈተች ትቀራለች። እናቴ ያንን የቆመ ፊት እያየች ምሳዋን ትጨርሳለች።

«ሁለተኛ ስልክ ቤቴ አይገባም» ብላኛለች። ምን ማለቷ እንደሆነ ማስረዳት አላስፈለጋትም።

እሱ የመጣ ቀን እናቴ ዓይኗን ልትታይ ሄዳ ብቻዬን ነበርኩ። ሙቀቱ ለጉድ ነው። አንድ ረጅም ሰውዬ ጎንበስ ብሎ ገባና ልብሱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ከብብቱ እስከ አንገቱ ተቦጭቋል።

«እንደምን አደርሽ። ይሄ ይድናል?»

«ምን ነካው?»

«ሊፍት።»

«ምን?»

«የሆቴሉ ሊፍት። አንጠልጥዬው ስገባ በሩ ያዘው። እኔ ውስጥ፣ እሱ ውጭ። ሊፍቱ ተነሳ።»

«ያ ሊፍት እኮ ከተሠራ ጀምሮ እንደተበላሸ ነው። ከተማው ሁሉ ያውቃል። አንተን ማን ግባ አለህ?»

አንገቱን አከከ። «ልጠግነው ብዬ ነው።»

«እዚያ ነው የምትሠራው?»

«ኧረ እንግዳ ነኝ። ነገ በጀልባዋ እሄዳለሁ። ግን አገሬ ሥራዬ እሱ ነው፣ ሊፍት ጠጋኝ ነኝ። ቆሞ ሳየው አላስችል አለኝ።»

ሳቅ አይቀናኝም፣ ጊዜ ይወስዳል። ያን ቀን ግን ጠረጴዛውን ይዤ ሳቅኩ። ሊፍት ጠጋኙን ሊፍት ነከሰው!

«ሳቂ፣ ሳቂ። ሊፍቱም ስቆብኛል።»

«ዳነ ግን?»

«ይወጣል፣ ይወርዳል» አለ። ኮራ ብሎ ነው ያለው። ደስ አለኝ። በሥራው የሚኮራ ሰው እወዳለሁ።

«ከሰዓት ና» አልኩት።

«እዚሁ ብጠብቅስ?»

«ይሞቃል።»

«ከሊፍት ጉድጓድ አይብስም።» የእናቴ በርጩማ ላይ ተቀመጠ።

ሙጫ ቀባሁ። ሁለቱን ከንፈር ለየብቻ አድርጌ በእንጨት ደገፍኳቸው። ሌላ ጊዜ ይሄኔ ሦስት ሥራ እጀምራለሁ። ምንም አልጀመርኩም።

«ለምንድነው የምትጠልቀው?» አልኩት።

«አባቴም ሊፍት ጠጋኝ ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ ጉድጓድ ውስጥ ነው ያደግኩት ብትይ ይቀላል። ወደ ላይ ገመድ፣ ወደ ታች ጨለማ፣ ዙሪያውን ግድግዳ። ግድግዳ የሌለው ጥልቀት ምን እንደሚመስል አንዴ አይቼ ልሙት ብዬ ነው።»

«አትፈራም?»

«እፈራለሁ እንጂ። አንቺ ጠልቀሽ ታውቂያለሽ?»

«እኔ? እኔ እንኳን ትንፋሽ ወሬም ይዤ መቆየት አልችል።»

እሱም ሳቀ። ከዚያ አየኝ። ሰው ሲያየኝ «ምን ሆነሃል?» የምል ነኝ። አላልኩትም። ቬንትሌተሩ ወደ እሱ ዞረ፣ ወደ እኔ ዞረ።

ጣቴን ላክሁ። ደርቋል። እንደኔ ችኮላ ሳይሆን በእውነት ደርቋል።

«ደረቀ?» አለኝ።

«አልደረቀም» አልኩት። የእናቴ ድምፅ ነው ከአፌ የወጣው።

ሌላ ዙር ቀባሁ። እሱም ደረቀ። ሌላ ዙር ቀባሁ። ስሰፋውም እንደ ጉንዳን መንገድ አቀራርቤ ሰፋሁት። በዕድሜዬ እንደዚያ ተጠንቅቄ የሠራሁት ልብስ የለም። እናቴ ብታየኝ «ይቺ ልጅ አሟታል» ትል ነበር።

«ልበሰው፣ ልየው።»

ከመጋረጃው ጀርባ ለብሶት ወጣ። ዚፑ በጀርባ በኩል ነው። ጫፉ ላይ ረጅም ማሰሪያ አለው፣ ሰው ብቻውን ጎትቶ እንዲዘጋው። አልጎተተውም። ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆመ። እኔም ማሰሪያ አለው አላልኩትም።

ዚፑን ከወገቡ ጀምሬ ሳብኩት። በቀስታ። አንገቱ ጋ ስደርስ ፀጉሩ እንዳይያዝ በጣቴ ከፍ አደረግኩት። ትንፋሹን ያዘ። ገና ባህር አልገባም።

«ጠበቀህ?»

«አልጠበቀኝም» አለ። ግን መተንፈስ አልጀመረም።

«እህ» አለች እናቴ ከበሩ።

መቼ እንደመጣች አላየሁም። በጠብታ የራሰ ዓይኗን እያበሰች እሱን አየችው፣ ስፌቱን አየችው፣ ሙጫ የተቀባባ ጣቴን አየች።

«ለአንድ ትከሻ ይሄ ሁሉ?» አለች። ከዚያ ወደ እሱ ዞረች፣ በፈገግታ። «ያንተ አልቋል አይደል ልጄ? በል መንገዱን ጨርቅ ያድርግልህ።»

መንገዱን ጨርቅ ያድርግልህ በእናቴ አፍ በሩ ያውልህ ማለት ነው። ገብቶታል። ከመጋረጃው ጀርባ ልብሱን ቀይሮ፣ አመስግኖ ወጣ።

እናቴ በርጩማዋ ላይ ተቀመጠች። በርጩማው ሞቋት ይሆናል።

«ስትቸኩዪ አልፈራልሽም» አለች። «ዛሬ ግን ቀስ ብለሽ አየሁሽ።»

ከሰዓት ክር ልገዛ ወጣሁ። ክር ነበረን።

ባርኔጣ ሻጯ በር ላይ አገኘሁት። ወዲያው ዝናብ ወረደ፣ የኛ አገር ዝናብ ደግሞ ሰላምታ አያውቅም። ሁለታችንም ከሻጯ ሸራ ሥር ገባን። ከተሰቀሉት አንዱን ባርኔጣ አውርዶ ጭንቅላቴ ላይ ደፋው።

«ትገዙታላችሁ ወይስ ልታረጥቡት ነው?» ብላ ጮኸች ሻጯ።

«እየለካን ነው» አለ።

«ሲለኩ ዓይን ለዓይን ነው እንዴ የሚተያዩት? መስታወት አለኝ!»

አውልቄ ሰጠኋት። ፊቴ ጋለ። እሱ ስልኩን አወጣ።

«ቁጥርሽን ስጪኝ።»

«አልሰጥም።»

«ለምን?»

«ቤት ውስጥ አንድ አለችን።» ስለ እህቴ ነገርኩት። ስለ ጨው ዕቃው። አፏን እንደከፈተች ስለመቅረቷ። «ስልክ ሆኖ የሚወደኝ ሰው አይጨመርልኝ። በቃኝ።»

ስልኩን ወደ ኪሱ መለሰው። ዝናቡ ሸራው ላይ ይደበድባል። የተናገርኩትን መልሼ ልውጠው ፈለግኩ፣ ግን ልክ ነበር፣ ልክ ነገር ደግሞ አይዋጥም።

«እሺ ምን ላድርግ?»

«ጥለቅ። ያልከውን አይተህ አገርህ ግባ።»

«ስፌቱ ቢለቅብኝስ?»

«የኔ ስፌት አይለቅም።»

«በሩ ላይ ግን ተጽፏል።»

«እናቴ ናት የጻፈችው።»

«ከለቀቀ ይመልሱ ነው የሚለው?»

«ማንበብ ትችላለህ አይደል?»

ዝናቡ እንደጀመረው ሳይናገር አቆመ። እሱ ሁለት እርምጃ ሄደና ዞረ። ምንም አላለም። እኔም። ከሁሉም ያ ነው የሚቆጨኝ፤ አፌ አንድ ቀን ቢፈለግ ጠፋ።

ጠዋት ጀልባዋ ጮኸች። የዋናተኛ ጫማ ማሰሪያ እየቀየርኩ ነበር። አልወጣሁም። እናቴ ቀና ብላ አየችኝ፣ ከዚያ ሬዲዮውን ከፍ አደረገችው።

ከዚያ በኋላ ያለው ለመናገር ያሳፍራል።

ሊፍቱ ይሠራ ነበር። ሆቴሉ ልብስ ላደርስ ሄድኩና ገባሁበት። እስከ ላይ ወጣሁ፣ ወረድኩ። በማግስቱ የማደርሰው ልብስ ሳይኖረኝ ሄድኩ። በሩ ቀስ ብሎ ነው የሚዘጋው፣ ሰው እንዳይነክስ አድርጎ አስተካክሎታል። ጀርባዬን ግድግዳው ላይ ደግፌ ዓይኔን እጨፍናለሁ። ሊፍቱ ሲነሳ ሆዴ ቀለል ይላል።

«ማንን ፈልገሽ ነው?» አለችኝ እንግዳ ተቀባይዋ ልጅ።

«ማንንም።»

«ታዲያ ምን ትመላለሻለሽ?»

«እየወጣሁ እየወረድኩ ነው» አልኳት። ምን ልበላት?

በሌላ ቀን ስሄድ ሊፍቱ ቆሟል። በሩ ላይ ወረቀት ለጥፈዋል። ወረቀቱ ፊት ቆሜ ለቅሶዬ መጣ። ለሊፍት!

ሱቅ ስሆን ስለ ስፌቱ ነበር የማስበው። እንዲለቅ ተመኘሁ። ስፌቴ እንዲለቅ የተመኘሁት ያኔ ብቻ ነው። ትንሽ፣ ከብብቱ አካባቢ፣ ውሃው ቀዝቀዝ ሲያደርገው እኔን እንዲያስብ ያህል። ግን እኔው ነኝ የሠራሁት። አውቀዋለሁ። ሁልጊዜ ስቸኩል ኖሬ፣ ያን ልብስ ብቻ እንዳይለቅ አድርጌ ሠራሁት። እንዲቆይ ብዬ ቀስ ያልኩት ነገር መመለሻውን ዘጋብኝ።

ጀልባዋ ባዶዋን ተመለሰች። የጀልባዋ አዛዥ የራሱን ጓንት ሊያስጠግን መጣ።

«አንድ ረጅም ሰውዬ» አልኩት፣ ጓንቱን እያየሁ። «ትከሻው የተጠገነ። ልብሱ እንዴት ሆነለት?»

«ባህር ውስጥ ሁሉም ጥቁር ነው እህቴ። ማን ማን እንደሆነ በምን አውቄ። ሁሉንም ማዶ አራግፌአቸዋለሁ።»

አራገፍኳቸው። እንደ ምንጣፍ አቧራ።

የዛን ቀን ምሳ ላይ እህቴ ከጨው ዕቃው ጋር ተደግፋ «ምነው ጥድፊያ ከሳሽ?» አለችኝ።

«ስልኩ ነው ያከሳኝ» አልኳት። እናቴ ሰማች። ማንኪያዋን አስቀመጠች፣ አነሳች።

ዛሬ፣ ፀሐይ ጠረጴዛው ላይ እንደደረሰች፣ በሩ ላይ ጥላ ወደቀ። ቀና ሳልል «ከሰዓት ኑ» አልኩ።

«ለቀቀ» አለ።

አፍንጫው ተልጧል። ፀጉሩ በጨው ደርቆ ቆሟል። ሸሚዙ ባህሩን በየብስ ዞሮ ሌሊቱን አውቶቡስ ውስጥ ያደረ ሰው ሸሚዝ ነው። ልብሱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው፤ ጨው ነጭ አድርጎታል። ትከሻው ተከፍቷል።

እንኳን ደህና መጣህ ማለት ነበረብኝ። ስንት ቀን አፌ ውስጥ ይዤው የዞርኩትን ማለት ነበረብኝ። የወጣኝ ግን፦

«አይለቅም!»

«ይኸው ለቀቀ።»

«ሦስቴ ነው የቀባሁት! ክሩን እንዴት አቀራርቤ እንደሰፋሁት... የት አባቱ ይለቃል?»

«እኔን ለምን ትቆጪኛለሽ? ይመልሱ ይላል፣ መለስኩ።»

«ምን አድርገህበት ነው? ሌላ ሊፍት ገባህ?»

ድምፄ መንገድ ላይ ይሰማል። ባርኔጣ ሻጯ አንገቷን አስግጋ ታያለች። የናፈቅኩት ሰው ፊት ቆሜ ስለ ሙጫ እጮህበታለሁ።

«ወዲህ በሉት» አለች እናቴ።

መነፅሯን አደረገች። ልብሱን ጭኗ ላይ አድርጋ የተከፈተውን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። ወደ መስኮቱ ይዛው አየችው። መቼም እሷ ቸኩላ አታውቅም።

«ባህር ውስጥ ነው የለቀቀብህ ልጄ?»

«አዎ እማማ።»

«ውሃ ገባብህ?»

«በደንብ።»

«ልብሱ ሁለመናው ጨው ነው። ይሄ ከንፈሩ ግን ጨው ነክቶት አያውቅም።»

አንገቱን አከከ።

«ሙጫ የለቀቀ እንደሆነ ሁለቱም በኩል ቅርፊት ይተዋል። ያንቺ ሙጫ እንደተያያዘ ነው፣ ጥድፊያ፣ ነይ እዪው። የተከፈተው ከጎኑ ነው። በምላጭ።»

ጎንበስ ብዬ አየሁት። ልክ ናት። ስፌቴ እንዳለ ነው፣ ከአጠገቡ ነው ላስቲኩ የተቆረጠው፣ እየተጣመመ።

«በመቀስ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «የጀልባዋ መቀስ ደነዝ ነበር።»

ጆሮው ቀልቷል። እናቴ መነፅሯን አወለቀችና በቀሚሷ ጫፍ ስትጠርግ ቆየች። ጠርጋ ስትጨርስ እንደገና ጠረገችው።

«የሆቴሉ ሊፍት ቆሟል ይላሉ» አለች፣ ለማንም ሳይሆን ለመነፅሩ። «ሰው ቢያገኙ ይቀጥራሉ አሉ።»

«ሆቴሉ ጋ እሄዳለሁ እማማ። መጀመሪያ ይሄን ልመልስ ብዬ ነው።»

«የሚሄድ ሰው ብዙ አይቻለሁ» አለች። «መልሶ ያመጣ አንተ ነህ።» ልብሱን ለኔ አቀበለችኝ። «ሥሪለት። በነፃ ነው፣ ጽፈናል።» ወደ ጓዳ ገባችና ከዚያ ውስጥ ጮኸች፦ «ቀስ ብለሽ!»

ሙጫ ቀባሁ። ሁለቱን ከንፈር ለየብቻ አድርጌ በእንጨት ደገፍኳቸው። በእናቴ በርጩማ ላይ ተቀመጠ።

«ግድግዳ የሌለው ምን ይመስላል?» አልኩት።

አሰበ። «ዝም ያለ ነው። ሁሉም ወደ ታች ያያል፣ ዓሣ ያያል። እኔ እጄ ትከሻዬ ላይ ነበር። ለቀቀ ወይ እያልኩ። በየቀኑ እየነካሁት ወረድኩ፣ በየቀኑ እምቢ አለኝ።»

ቬንትሌተሩ ወደ እሱ ዞረ፣ ወደ እኔ ዞረ። እስኪደርቅ ብዬ እርሳስ ያዝኩ፤ ይሄን የምጽፈው በዕቃ መጠቅለያ ወረቀት ላይ ነው። ምን እንደምጽፍ አልጠየቀኝም። አንዳንዴ ቀና ስል እያየኝ አገኘዋለሁ።

«ደረቀ?» ይለኛል።

«አልደረቀም።»

ከደረቀ ቆይቷል።